የማን ግማሽ?

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የሽንኩርት ማሳ ዳር፤ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አቶ ደምለው የቦዩን አፍ በጭቃ ሲደፍኑ፣ ጤና ጣቢያ በጽዳት የምትሠራው ልጃቸው የሽመቤት የአሥር ዓመት ልጇን የስርጉትን የፈተና ወረቀት ጨብጣ ከቤት መጥታባቸው ጭቅጭቅ ተጀምሯል።)

የሽመቤት፦ አይሆንም አልኩ አባዬ፣ አይሆንም! ስርጉት ነገ በጠዋቱ መኪና ባሕር ዳር ትሄዳለች። አለቀ።

ደምለው፦ ካለቀ ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ? ያለቀ ነገር ለመንገር በዚህ ፀሐይ ማሳ ድረስ ይመጣል?

የሽመቤት፦ እንዲያውቁት ነዋ! ነገ ደግሞ "ልጅቷን የት አደረሳችኋት" ብለው መንደሩን እንዳያምሱት።

ደምለው፦ ማን ጋ ነው የምትሄደው?

የሽመቤት፦ አክስቷ ትርንጎ ጋ፣ የአባቷ እህት ጋ። እዚያ አስጠኚ አለ፣ መብራት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ። ጥላ ቁጠሪልኝ የሚል ሽማግሌ ግን የለም።

ደምለው፦ አባቷስ ምን አለ?

የሽመቤት፦ ደወልኩለት። "አንቺ ካልሽ" አለ። እሱ መኪናውን እየነዳ ሁልጊዜ "አንቺ ካልሽ" ነው።

ደምለው፦ እሷስ?

የሽመቤት፦ እሷማ ምን ትላለች! ይኸው አጥሩ ጀርባ፣ ቤት ውስጥ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እርስዎ ጋ እንዳትሮጥ "ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ" ብያት ነው የመጣሁት።

ደምለው፦ ምን አጥፍታ?

የሽመቤት፦ ይኸው! ሒሳብ፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ አባዬ! ከክፍሉ ከመጨረሻ ሦስተኛ። ከእሷ በታች ካሉት አንዱ ወባ ታሞ የከረመ ነው፣ ሌላው ጭራሽ አልተፈተነም።

ደምለው፦ የቀረውስ? አማርኛው?

የሽመቤት፦ የቀረው ደህና ነው። የቀረውን ማን ጠየቀ?

ደምለው፦ እኔ ነኛ የጠየቅኩሽ።

የሽመቤት፦ ወሬ አያስቀይሱ! የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? "ልጅዎ በዚህ መንፈቅ ዘጠኝ ቀን ሦስት ክፍለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የገባችው። የት ነበርሽ ስላት 'ውሃ ስቆጥር' ትለኛለች። ውሃ ይቆጠራል እንዴ?" አለችኝ። መምህራኑ ሁሉ ሳቁ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆምኩ።

ደምለው፦ ዘጠኝ አይሆንም። ስድስት ቢሆን ነው።

የሽመቤት፦ እሰይ! ስድስቱን አመኑ! "ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የማስቆጥራት" ብለውኝ አልነበር?

ደምለው፦ ይህ ጉልበት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ቢያመኝ እኮ እኔም ደስ ባለኝ።

የሽመቤት፦ ስልክ አለልዎት እኮ! ያ ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሰዓት አይቶ ጎረቤታችንን "ምንውየለት፣ ተራህ ደርሷል" ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል?

ደምለው፦ ሞክረነዋል። ምንውየለት የራሱን ሰዓት ሃያ ደቂቃ ወደፊት ገፋው፣ ማዶ ያሉት የነሱን ወደ ኋላ ጎተቱት። በአንድ ቦይ ላይ አምስት ዓይነት ሰዓት! አካፋ ሊማዘዙ ትንሽ ነው የቀራቸው። ሰዓቱን የሚገፋ ሞልቷል፤ ጥላውን የገፋ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

የሽመቤት፦ ሌላ ሰው ይቁጠርልዎት ታዲያ!

ደምለው፦ ደንቡን እያወቅሽው? ሁሉም ማሳ አለው፣ ሁሉም ለራሱ ያደላል። እኔ በመሐላ ነው የቆምኩት፤ ከኔ ቤት ያልሆነ ሰው አይቆጥርም። ከኔ ቤት ደግሞ ማን አለ? አንቺ በጠዋቱ ጤና ጣቢያ ነሽ። እኔ መቆሙን እችለዋለሁ፤ ተረከዜን በጣቴ እያስነካሁ ጥላዬን ልለካ ስል ነው ጉልበቴ የሚከዳኝ። ስለዚህ እኔ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ እሷ የጥላዬ ጫፍ ላይ ድንጋይ ታስቀምጥና በእግሯ ትቆጥራለች። ጥላው አጥሮ ስምንት ጫማ ሲሆን ውሃው ወደ ባለተራው ይዞራል። ይኸው ነው ሥራው። ውሃ መሸከም አይደለም፣ እንጨት መልቀም አይደለም።

የሽመቤት፦ ቆጥራስ ምን አመጣች? እስቲ እሱን ይንገሩኝ! ጥር በገባ በማግስቱ ምንውየለት አካፋውን ተሸክሞ ደጃችን ድረስ መጥቶ "የግማሽ ሰዓት ውሃዬን በላችሁኝ!" ብሎ ሲጮህ፣ ማን ነበር የተሸማቀቀው? መንደሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ?

ደምለው፦ ያ የኔ ጥፋት ነው።

የሽመቤት፦ የቆጠረችው እሷ!

ደምለው፦ ጥላው የኔ፣ እግሩ የሷ! እኔ ሽማግሌው አላሰብኩበትም እንጂ። በኔ እግር ስምንት የሆነው በሷ ትንሽ እግር አሥር ነው። እሷ በራሷ እግር ስምንት እስኪሆን ስትጠብቅ፣ ጥላው አጥሮ አጥሮ በኔ እግር ስድስት ተኩል ደርሷል። የምንውየለት ግማሽ ሰዓት በዚያ ሄደ። ከራሴ ተራ ቀንሼ መለስኩለት፣ ታረቅን። እሱም ረስቶታል።

የሽመቤት፦ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ደምለው፦ ስርጉትም አልረሳችውም። ልነግርሽ የፈለግኩት ይህንን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስ ብላ ስትዞር ትዝ ይልሻል?

የሽመቤት፦ ሆዷን አሟት ነበር። የትላትል ክኒን ሰጠኋት።

ደምለው፦ ክኒኑ ባከነ። ሆዷን አላመማትም፣ እያሰበች ነበር። በአራተኛው ቀን መጥታ "አያቴ፣ እርስዎ ጥላዎን በራስዎ እግር ይለኩ፣ እኔ የኔን በኔ እግር ልለካ" አለችኝ። እያቃሰትኩ ለካሁ። እኔ ስምንት። እሷም ስምንት! ያቺ ድንክ! ተደናግጣ አፈር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የሚያስቆማት ጠፋ። የኔ ጥላ ስምንት ሲሞላ ጠብቃ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ታቆማለች። የምንውየለትን ሚስት እንስራ እንዳዘለች አቆመቻት። ቄሰ ገበዙን መንገድ ላይ አስቁማ፣ ጥምጥማቸውን ትቁጠረው አትቁጠረው ተቸግራ አስወለቀቻቸው።

የሽመቤት፦ ቄሰ ገበዙን? ጥምጥም አስወለቀቻቸው?

ደምለው፦ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ረጅሙም አጭሩም በገዛ እግሩ ሲለካ ያው ስምንት ነው፤ ወይ ትንሽ ይጎድላል፣ ወይ ትንሽ ይተርፋል። እኔ ይህን ጥላ ከአባቴ ተረክቤ ሠላሳ ዓመት ስቆጥር፣ ለምን በሰው ሁሉ ላይ እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም። አባቴ ቆጠሩ፣ እኔም ቆጠርኩ። እሷ ናት የጠየቀችው።

የሽመቤት፦ እና አሁን ምን ይሁን? ዩኒቨርሲቲ ትግባ?

ደምለው፦ አትቀልጂብኝ። ልጅ እኮ ከዚህም ከዚያም ነው የሚለቅመው። የጉልበቴን ክኒን ወረቀት አንብባ "አያቴ፣ ከምግብ በኋላ ይላል፣ እርስዎ ግን በባዶ ሆድ ነው የሚውጡት" ያለችኝ እሷ ናት። ሆዴን የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ችግኝ ስንተክል "በየስንዝሩ" ብላት "በማን ስንዝር?" አለችኝ።

የሽመቤት፦ ክኒን ማንበብና ችግኝ መትከል ፈተና ላይ አይመጣም!

ደምለው፦ እሺ፣ አይምጣ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የቆጠረችውን ሁሉ በደብተር ጽፋዋለች። የሰው ስም፣ ቁመቱ፣ እግሩ፣ የጥላው ቁጥር፤ በማስመሪያ አስምራ። የሒሳብ ደብተሯ ከኋላ በኩል ነው። ሂጂና ቁጭ ብለሽ እዪው። ከዚያ በኋላ ላኪያት፣ አፌን አልከፍትም።

የሽመቤት፦ የለም።

ደምለው፦ ምኑ?

የሽመቤት፦ ወረቀቱ የለም። ቀደድኩት።

ደምለው፦ ቀደድሽው?

የሽመቤት፦ ትናንት ውጤቷን አይቼ ደብተሯን ስገልጥ፣ ግማሽ ደብተር ሙሉ "ምንውየለት ስምንት፣ ቄሰ ገበዝ ስምንት፣ እማሆይ ሰባት ተኩል" ይላል! ምን ልበል? አባቴ ልጄን የውሃ ጸሐፊ አድርጓታል አልኩ። ገንጥዬ ከሰል አያያዝኩበት።

ደምለው፦ እያየችሽ?

የሽመቤት፦ እያየችኝ።

ደምለው፦ ምን አለች?

የሽመቤት፦ ማስመሪያዋን አንስታ ወጣች።

ደምለው፦ አዬ የሽመቤት! አዬ! ምናለ አንዴ "ይህ ምንድን ነው ልጄ?" ብትያት? አንዲት ቃል! የሦስት ሳምንት ልፋቷን፣ በገዛ እጇ ያስመረችውን፣ ከሰል ታያይዥበታለሽ? እናት ናት እንዲህ የምታደርገው?

የሽመቤት፦ አይቆጡኝ! ማንንም ይቆጡ፣ በዚህ ነገር ግን እኔን አይቆጡኝም! በዚህ ነገር ላይ አፍ የለዎትም!

ደምለው፦ ለምን አይኖረኝም?

የሽመቤት፦ ለምን ይላሉ? መምህር አበጀ ደጃችን ላይ ቆመው የለመኑዎትን ረሱት? አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንዲህ በጥር ነው። "አቶ ደምለው፣ ይህች ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ናት፣ እባክዎ አያስቀሯት" ሲሉዎት ምን ብለው መለሱላቸው?

ደምለው፦ እናትሽ ታማ ተኝታ ነበር።

የሽመቤት፦ ምን ብለው መለሱላቸው ነው ያልኩት።

ደምለው፦ ሽንኩርቱ ገና ችግኝ ነበር፣ ሰው አልነበረኝም…

የሽመቤት፦ "አይጨነቁ መምህር፣ ቤት ውስጥም ትማራለች" አሏቸው። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥም ትማራለች! ምን ተማርኩ? ሽንኩርት ማረም ተማርኩ። ቦይ መጥረግ ተማርኩ። አሁን ደግሞ የጤና ጣቢያ ወለል እጠርጋለሁ። ያኔ ከክፍሉ ከኔ ቀጥላ ሁለተኛ የነበረችው ልጅ እዚያው ነርስ ናት። "የሽዬ፣ እዚህ ጋ ደም ፈሷል" ብላ ትጠራኛለች። ክፉ እኮ አይደለችም፣ በፍቅር ነው የምትጠራኝ፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው! እና ዛሬ ልጄን ከደወል አስቀርተው፣ ጥላዎ ጫፍ ላይ አቁመው፣ "ልጅ ከዚህም ከዚያም ይለቅማል" ሲሉኝ ምን ልበል? እልል ልበል?

ደምለው፦ ያችን ቃል እኮ ዛሬ አላልኳትም።

የሽመቤት፦ በሌላ ቃል አሏት።

ደምለው፦ …እውነትሽን ነው። በሌላ ቃል አልኳት።

የሽመቤት፦ እንግዲህ ይተዉኝ።

ደምለው፦ እስቲ ያንን ወረቀት አምጪው።

የሽመቤት፦ ምን ያደርግልዎታል? ቀይ ቀለም ብቻ ነው።

ደምለው፦ የደከመው ጉልበቴ ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው። አምጪው። "አንደኛ፤ ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?" ይህችን አጣቻት? ይህችንማ እኔም አውቃታለሁ። መልስ… "የማን ግማሽ?"

የሽመቤት፦ አዩት? አዩት ጥጋቧን?

ደምለው፦ "ሁለተኛ፤ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አምስተኛ የቱ ያንሳል?" መልስ፣ "የማን ሦስተኛ? የማን አምስተኛ?"

የሽመቤት፦ እንዲያ እያለች እስከ ታች ድረስ! መደመሩን፣ ማባዛቱን በትክክል ሠርታ፣ ክፍልፋይ ላይ ስትደርስ "የማን፣ የማን፣ የማን"! የሒሳብ መምህሩ "ልጅዎ ፈተና ላይ ትቀልዳለች" አለኝ። እና… ይስቃሉ? አባዬ፣ ይስቃሉ?

ደምለው፦ ይቅር በይኝ፣ አምልጦኝ ነው።

የሽመቤት፦ ይሳቁ! ልጄ ክፍል ልትደግም ነው፣ እርስዎ ይሳቁ!

ደምለው፦ ቀልድ አይደለም ልጄ፣ ስሚኝ። የምንውየለትን ውሃ ያጠፋው ምን ነበር? "ስምንት" ብላ የማን ስምንት እንደሆነ አለመጠየቋ! በዚያ የተነሳ ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ ጮኸባት፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ያቺ ልጅ ከእንግዲህ ባለቤት የሌለው ቁጥር አታምንም። "ግማሽ" ስትያት የማን እንደሆነ ሳታውቅ እንዴት ትመልስልሽ? የኔ ጥላ ሩብ ከአንቺ ጫማ ግማሽ ይበልጣል እኮ!

የሽመቤት፦ ስለዚህ ያበላሿት እርስዎ ነዎት።

ደምለው፦ እኔ ነኝ። ጥያቄውን ሰጠኋት፣ መልሱን ግን እኔም አላውቀው። ደግሞ ዝም ብላ እንዳይመስልሽ ወረቀት ላይ የጻፈችው። አስቀድማ ጠይቃለች። መምህሩን ጠየቀች፣ ክፍሉ ሳቀባት። እኔን ጠየቀችኝ፣ "የመምህሩ ይሆናል" አልኳት። አንቺንም ጠይቃሻለች።

የሽመቤት፦ እኔን? መቼ?

ደምለው፦ ልብስ ስታጥቢ። "እማ፣ ግማሽ ሲባል የማን ነው?" ብላ። ነግራኛለች። ምን አልሻት?

የሽመቤት፦ ጮህኩባት።

ደምለው፦ ለምን?

የሽመቤት፦ ሥራ ላይ ነበርኩ። እጄ ሳሙና ነበር።

ደምለው፦ የሽ… ለምን?

የሽመቤት፦ አላውቀውማ! አላውቀውም አባዬ፣ በቃ? ክፍልፋይ አላውቅም! መምህር አበጀ "ነገ ክፍልፋይ እንጀምራለን" ብለው ባሰናበቱን ማግስት ነው እርስዎ ያስቀሩኝ። ያንን ምዕራፍ አላየሁትም። ልጄ ደብተር ይዛ ወደኔ ስትመጣ እንዳታጋልጠኝ ብዬ "ሂጂ ራስሽ ሥሪው!" እያልኩ እጮህባታለሁ። የሷ ስንፍና አይደለም የሚያስጮኸኝ፣ የኔ እፍረት ነው። ባሕር ዳር የምልካትም… ባሕር ዳር የምልካትም አንድ ቀን "እማ፣ አታውቂም እንዴ?" እንዳትለኝ ነው። ይኸው ወጣልዎት! ደስ አለዎት?

ደምለው፦ አላለኝም።

የሽመቤት፦ እንግዲያው ዝም ይበሉ።

ደምለው፦ ዝም ብያለሁ።

የሽመቤት፦ እንዲህ እያዩኝማ ዝም አላሉም።

ደምለው፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ወለሉን የምታጸጂበትን በረኪና እንዴት ነው የምትበጠብጪው?

የሽመቤት፦ አሁን ደግሞ በረኪናን ምን አመጣው!

ደምለው፦ ዝም ብለሽ ንገሪኝ።

የሽመቤት፦ አንድ ጣሳ በረኪና፣ ዘጠኝ ጣሳ ውሃ። ደም ለነካው ነው እሱ፤ ለተራው ወለል ይቀጥናል።

ደምለው፦ የማን ጣሳ?

የሽመቤት፦ የማን ጣሳ ብሎ ነገር አለ? ያው ጣሳ ነዋ! በረኪናው የተለካበት ጣሳ ራሱ ነው ውሃውንም የሚለካው። ትንሽ ከሆነ በትንሹ፣ ትልቅ ከሆነ በትልቁ። የማንም ይሁን፣ አይለወጥ እንጂ! አዲስ የመጣችው ልጅ በረኪናውን በጣሳ፣ ውሃውን በጆግ እየለካች አስቸግራኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሁሉንም በአንድ ዕቃ!" ብዬ ስንቴ…

ደምለው፦ ምነው ቆምሽ?

የሽመቤት፦ …በአንድ ዕቃ።

ደምለው፦ እኔ ምንም አላልኩም።

የሽመቤት፦ ግማሹም ሩቡም ከአንድ ዕቃ ነው። መምህሩ ሳይናገረው በሆዱ የያዘው ይህን ነው! የአንዱ ዕቃ ግማሽና የዚያው ዕቃ ሩብ። እሱ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብሎ ዘለለው፣ እሷ ደግሞ ያልተነገራትን አልገምትም አለች። ወይኔ! ይህን እኮ እኔ ልነግራት እችል ነበር! እዚያው በሳሙና እጄ፣ ባልዲውን እያሳየሁ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስሠራው!

ደምለው፦ አየሽ፣ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ…

የሽመቤት፦ ያችን ቃል እንዳይጨርሷት! ከጨረሷት አሁኑኑ ሻንጣዋን አንጠልጥዬ እወጣለሁ!

ደምለው፦ አልጨርሳትም።

የሽመቤት፦ አይጨርሷትም!

ደምለው፦ አልጨርሳትም አልኩሽ። ያችን ቃል ያኔ ስላት፣ መማርሽን አስቤ አይደለም። ለሽንኩርቴ ብዬ ነው። መምህሩን የምሸኝበት ቃል አጣሁና እሷን አገኘኋት። ደህና ቃል መሰለችኝ፣ እሳቸውም ሄዱ። ከበሩ ጀርባ እንደነበርሽም አውቅ ነበር። እግርሽ በበሩ ሥር ይታይ ነበር።

የሽመቤት፦ ያውቁ ነበር?

ደምለው፦ አውቅ ነበር። ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ነገ ትጠይቀኛለች ስል ሃያ ሁለት ዓመት ሄደ። አንቺ አልጠየቅሽኝ፣ እኔም ደፍሬ አልነገርኩሽ። እናትሽ ከዳነች በኋላም ልመልስሽ እችል ነበር። አልመለስኩሽም። ለምጄው ነበር፤ ሥራ ላይ ጎበዝ ነበርሽ። በድዬሻለሁ የኔ ልጅ።

የሽመቤት፦ አሁን ይህን ምን ላድርገው? የት ላስቀምጠው?

ደምለው፦ የትም። እኔ ማለት ስለነበረብኝ ነው። ልጅቷን ላኪያት። እኔን ባታምኚኝ አልፈርድብሽም። ሻንጣዋን እስከ መኪናው እኔ አደርስላታለሁ።

የሽመቤት፦ በየትኛው ጉልበት?

ደምለው፦ ቀስ ብዬ።

የሽመቤት፦ ቀስ ብለው! ሹፌሩም ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል! ደግሞ እዚያ ሄዳ "የማን?" ስትል ማን ይመልስላታል? ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ናት። አስጠኚው ለአሥራ አምስት ልጅ አንድ ነው።

ደምለው፦ እኔ እንጃ።

የሽመቤት፦ እርስዎን አልጠየቅኩም፣ ራሴን ነው! ኤጭ! ለምን ሁሉም ነገር እኔ ላይ ነው የሚወድቀው? ብልካት ልጄን አጣሁ፣ ባስቀራት እርስዎ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት "ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ" እያሉ ይወስዷታል። አውቅዎታለሁ እኮ! በክፋት አይደለም፣ ግን ይወስዷታል!

ደምለው፦ አልወስዳትም።

የሽመቤት፦ እንዲህ በደረቁ አይማሉልኝ። ይስሙኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሳያዞሩ ይመልሱልኝ።

ደምለው፦ ጠይቂኝ።

የሽመቤት፦ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የውሃው ተራ የእርስዎ ማሳ ነው። ጉልበትዎ አልታዘዝ ብሏል፤ ጥላው ካልተቆጠረ ደግሞ ውሃው አይዞርም። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል፤ በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ አለቀለት። የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ስርጉት ደብተሯን ይዛ እዚህች ጋ ቆማ ዓይን ዓይንዎን ታያለች። ምን ይሏታል?

ደምለው፦ ማኅበሩን ሰብስቤ ሌላ የውሃ አባት…

የሽመቤት፦ እሱን በኋላ ይሰበስባሉ! ማክሰኞ ጠዋት ነው እኮ የምልዎ!

ደምለው፦ ምንውየለትን ለዛሬ ብቻ ብዬ…

የሽመቤት፦ ደንቡ አይፈቅድም፤ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ደወሉ ተደውሏል አባዬ። ልጅቷ ቆማለች። ምን ይሏታል?

ደምለው፦ ሂጂ እላታለሁ።

የሽመቤት፦ ሽንኩርቱስ?

ደምለው፦ …ይድረቅ።

የሽመቤት፦ አልሰማሁም።

ደምለው፦ ሽንኩርቱ ይድረቅ! ይድረቅ የሽመቤት! አንድም ራስ አይቅር!

የሽመቤት፦ …ስርጉት! አንቺ ስርጉት! ልብስሽን ከሻንጣው አውጪ! አዎ፣ ሁሉንም! ሰኞ በደወሉ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ! አያትሽ ፈቅደውልናል!